የሐሙስ ድርሻ

ባለፈው ሳምንት አንድ ኦቾሎኒ አፌ ውስጥ መረረኝ። የልጅ ልጄ ከሱቅ ገዝታ በእፍኟ ያቀረበችልኝ ነበር። መልኩ ደህና ነው፤ ጥርሴ እንደሰበረው ግን የእርጥብ ግድግዳ ሽታ ያለው ምሬት ምላሴ ላይ ተዘረጋ። ተፋሁት። የልጅቷንም እጅ ገልብጬ የያዘችውን ሁሉ መሬት ላይ አራገፍኩት። አለቀሰች። ሌላ እገዛልሻለሁ አልኳት እንጂ ምክንያቱን አልነገርኳትም። ለእናንተ ግን ልንገራችሁ።

ያኔ ጉልበቴ ገና አልደከመም። በከተማችን፣ ኤረር በር አጠገብ ባለ አንድ የኦቾሎኒ መጋዘን ውስጥ ለቃሚ ነበርኩ። ከባቢሌ በኩል በጆንያ የሚመጣውን እየፈለፈልን፣ በወንፊት እያበጠርን፣ በእጃችን እየለቀምን እንውላለን። ጥሩው ተቆልቶ ወደ ሱቆች ይሄዳል። የተጨማደደው፣ የተሰነጠቀው፣ የጠቆረው ደግሞ ግርድ ይባላል። ግርዱ የእኛ ነበር፤ ከደሞዛችን ላይ እንደ ምርቃት ይሰጠናል። ሐሙስ ከዐስር ሶላት በኋላ ወለሉ ላይ ይደፋና እንካፈላለን።

ማካፈሉ የእኔ ሥራ ነበር። ደንቡን እኔ አላወጣሁትም፤ ስቀጠር ያገኘሁት ነው። ልጅ የበዛባት ብዙ ትወስዳለች፣ ልጅ የሌላት ትንሽ። አካፋይዋ የመጨረሻውን ታነሳለች። ለእህቴም ቢሆን እንደማላዳላ ስለሚያውቁ ጣሳውን ለእኔ ሰጡኝ። ከሁላችንም ልጅ የበዛባት አንዲት ጓደኛችን ነበረች፤ የመንታዎቹ እናት እንላታለን። በእኔ መሳቅ ትወድ ነበር።

«አንቺ ሴት፣ ነገ ጀነት በር ላይ ቆመሽም ወረፋ ታስከብሪያለሽ» ትለኛለች።

እኔ ያኔ ወተት ጥርሷ ያልረገፈ አንዲት ሴት ልጅ ነበረችኝ፣ የመጨረሻዬ። የድርሻዬን ወቅጬ አጥሚቷ ውስጥ እጨምርላት ነበር። ጉንጯ ሞላ ሲል አይቼ እኮራለሁ።

አንድ ክረምት ተለማማጅ ትመጣለች ተባለ። የምግብ ሳይንስ ነው የምትማረው አሉን። ለምግብ ደግሞ ምን ሳይንስ አለው ብለን ሳቅን። የመጣችው ቀጭን፣ ከሌላ አገር የሆነች ልጅ ናት። ነጩ ጋዎን ስለረዘመባት እጅጌውን ሁለቴ አጥፋዋለች። መጀመሪያ እጅ መታጠብ፣ ቀለበት ማውለቅ፣ ፀጉር መሸፈን አስተማረችን። የመንታዎቹ እናት ከወንፊቷ ቀና ሳትል፣ «እኛ ሻሻችንን አስረን ነው ከእናታችን ሆድ የወጣነው፣ ለፀጉራችን አታስቢ» አለቻት። ልጅቷ ፊቷ ቀላ፣ ከዚያ ከእኛ ጋር ሳቀች። ከዚያን ቀን ጀምሮ ወደድናት። እኔንም እንደ አገሬው ሰው «አዴ»፣ እናቴ፣ ማለት ጀመረች።

ዝናቡ በዚያ ክረምት አላባራ ብሎ ነበር። ጆንያው እርጥብ ሆኖ ይገባል፣ ቆርቆሮው ቀኑን ሙሉ ይንጫጫል፣ መጋዘኑ የከረመ ልብስ ሽታ ይሸታል። ሐሙስ ደረሰና ጣሳዬን ይዤ ስሰፍር ልጅቷ አጠገቤ መጥታ ቁጢጥ አለች።

«አዴ፣ ይሄ ወዴት ነው የሚሄደው?»

«ወደ ቤታችን።»

«ለከብት?»

«ለልጅ።»

 ከግርዱ በእፍኟ አንስታ አሸተተችው፣ አንዱን ሰንጥቃ ውስጡን አየችው። አስተያየቷ ደስ አላለኝም።

በሚቀጥለው ሳምንት ከትምህርት ቤቷ ያስመጣችውን ትንሽ መብራት ይዛ መጣች። በቀትር በሩን ዘግተን መስኮቱን በጆንያ ጋረድን። ከመብራቱ የሚወጣው ወይን ጠጅ መልክ ያለው ነገር ነው፤ ብርሃን ሆኖም ጨለማውን አይገፋም። መጀመሪያ ጥሩው ላይ አበራችው፤ እዚህም እዚያም አንዳንድ ነገር ብልጭ አለ። ወደ ግርዱ ስታዞረው ግን ክምሩ በሙሉ አረንጓዴና ቢጫ ዓይን አወጣ። እንደ ተኛ አውሬ ያየን መሰለኝ። አንዷ «አዑዙ ቢላህ» ስትል ሰማሁ።

«ሻጋታው የሚተፋው መርዝ ነው» አለች ልጅቷ።  «ማጠብ አያስለቅቀውም፣ መቁላትም አያጠፋውም። የበራው ሁሉ መርዝ ነው አልልም፣ ያልበራውም ንጹሕ ነው አልልም። የሚጎዳው ጉበትን ነው። በአንድ ቀን አይደለም፣ በዓመታት ነው። ልጆች ላይ ይብሳል።»

ወደ መንታዎቹ እናት ዞርኩ። እሷም ወደ እኔ ዞራ ነበር። ትልቁ ድርሻ በየሐሙሱ ወደ ማን ቤት እንደሚሄድ ሁለታችንም እናውቃለን። በጣሳ እየለካሁ፣ ሳላዳላ፣ ልጅ ወደበዛበት ቤት የምልከው ይሄንን ኖሯል። ሻሿን አጥብቃ አሰረች። ብትሰድበኝ እመርጥ ነበር።

ከዚያ ወዲያ ፍርሃት ቤቴ ገብቶ ተቀመጠ። ልጄ ስታስነጥስ እደነግጣለሁ፣ ሳቅ ስታበዛም እደነግጣለሁ። ብዙም ሳይቆይ እህል አልበላ አለች፣ ገላዋ ጋለ። አንድ ቀን ሱብሒ ሰግጄ ስነሣ በመስኮቱ በገባው ብርሃን ዓይኗን አየሁት። ነጩ ቢጫ ሆኗል። መስገጃው ላይ ተመልሼ ተቀመጥኩ። ያ ረቢ ከማለት ሌላ ቃል አልመጣልኝም።

በጀርባዬ አዝያት ጤና ጣቢያ ሄድኩ። የሚያክመው ሰው፣ የወፍ በሽታ ነው፣ በዚህ ክረምት ብዙ ልጅ ይዟል አለ። ስለ ኦቾሎኒው ነገርኩት። ብዕሩን እያገላበጠ አሰበና፣ «ሊሆንም ላይሆንም ይችላል» አለኝ። በሕይወቴ ከሰማሁት ቃል ሁሉ እንደዚያ ያስፈራኝ የለም። አዎ ቢለኝ አለቅስ ነበር፣ አይደለም ቢለኝ እተኛ ነበር።

በመጋዘኑ ግርድ የሚወስድ ሰው ጠፋ። ጥግ ላይ በጆንያ በጆንያ ተከመረ። አንድ ጠዋት ልጄን ለጎረቤት ትቼ ሥራ ስገባ ጋሪ በር ላይ ቆሟል። የመጋዘኑ ባለቤት ግርዱን ጊደር መጋላ ገበያ ላለ ፈጪ ሸጦታል። ፈጪው የኦቾሎኒ ቅቤ ያደርገዋል፤ ልጆች ዳቦ ላይ የሚቀቡት እሱን ነው።

ተለማማጇ ባለቤቱ ፊት ቆማ ነበር። «ሐጂ፣ ይሄ መቀበር አለበት» ትላለች፣ በቀጭን ድምፅ።

«ልጄ፣ እዚህ የመጣሽው ልትማሪ ነው ወይስ ልታስተምሪ? ልምምዷን ጨርሳለች ብዬ የምፈርመው እኔ መሆኔን አትርሺ።»

እጆቿን ጋዎኗ ኪስ ውስጥ ከተተች።  ሰውየው ክፉ አልነበረም፣ ይሄን መናገር አለብኝ። እኔን ሲያይ ፊቱ ለስለስ አለ።

«ልጅሽ ታማለች አሉ። ከጥሩው ውሰጂላት፣ የፈለግሽውን ያህል።»

«የእኔዋ ጥሩውን ስትበላ ግርዱን የማን ልጅ ይብላው?» አልኩት።

«ገዢው አይቶ ነው የገዛው፣ ሴትዮ።»

ከዚያ በኋላ አልተከራከርኩም። ከመቁያው ጎን የነጭ ጋዝ ጄሪካን ነበር። አንሥቼ፣ ክዳኑን ፈትቼ፣ ጋሪው ላይ ያለውን ጆንያ አንድ በአንድ አራስኩት። ከዚያ ጥግ የቀረውን። ባለቤቱ ይመታኛል ብዬ ጠብቄ ነበር። የጋዙ ሽታ መጋዘኑን ሞላው። ባለጋሪው አፍንጫውን ይዞ ወደ ኋላ ሸሸ።

«አሁን ይሽጡት» አልኩ።

ባለቤቱ እኔን አልተናገረኝም። ወደ ልጅቷ ነው የዞረው። «ይሄን ያስተማርሻት አንቺ ነሽ። ሂጂ፣ ፊርማዬን አታገኚም።» ቀጥሎ እኔንም አሰናበተኝ። ከሴቶቹ አንዲትም ቀና ያለች አልነበረችም፣ ከመንታዎቹ እናት በቀር። እሷ አካፋ አንሥታ ዝናቡ ውስጥ ወጣችና ከመጋዘኑ ጀርባ መቆፈር ጀመረች። ቆይተው ሌሎቹም ተከተሏት። ባለቤቱ አልከለከላቸውም፤ በጋዝ የራሰ ኦቾሎኒ ምን ይሠራለታል?

ልጅቷን በማግሥቱ አውቶቡስ ድረስ ሸኘኋት። ዘንድሮ ላልመረቅ እችላለሁ አለችኝ፣ ሳታለቅስ። መጥቼ ለመምህሮችሽ እመሰክራለሁ አልኳት።

«አዴ፣ እርስዎ ከመጡማ መምህሮቼ በመስኮት ነው የሚሸሹት» ብላ ሳቀች። ከዚያ ሳቋ ቆመ። «ልጅዎ ስትድን ግን ባውቅ ደስ ይለኛል።»

በምን እንደማሳውቃት አልጠየቅኳትም፣ እሷም አልነገረችኝም። ያኔ እንዳሁኑ ስልክ በየሰው ኪስ አልነበረም። አውቶቡሱ ሲነሣ ጋዎኗን አጣጥፋ ጭኗ ላይ ይዛው ነበር።

ጋዙን በማፍሰሴ አንድም ቀን ተጸጽቼ አላውቅም። ልጄም ዳነች፤ ዝናቡ ሳያልቅ ዓይኗ ጠራ። አድጋ አግብታ ወለደች። ግን ያ «በዓመታት ነው» ያለችው ቃል ከእኔ አልወጣም። ልጄ ዛሬም ደከመኝ ስትል፣ ጎኔን ወጋኝ ስትል፣ ፊቷን ወደ ብርሃን አዙሬ ዓይኗን አያለሁ። የመንታዎቹ እናትም እንደዚሁ ናት። ስንገናኝ ስለ ልጆቻችን ጤና እንጠያየቃለን፣ ስለሌላው አናነሣም።

በየክረምቱ ተማሪዎች ለልምምድ ወደ ከተማችን ይመጣሉ። ነጭ ጋዎን የለበሰች ልጅ መንገድ ላይ ባየሁ ቁጥር እግሬ ይቆማል፣ ፊቷን እፈልጋለሁ። ያቺ ልጅ አሁን ትልቅ ሴት መሆኗን እረሳዋለሁ። አንዳንዶቹ ግራ ገብቷቸው፣ እማማ ምን ፈለጉ ይሉኛል። ምንም አልፈለግሁም እላቸውና አሳልፋቸዋለሁ። ልጄ ድናለች ልላት ነበር።