ሦስት የዓሣ ገንዳ፣ አንድ ማጥለያ

በጣሊያን ጊዜ መተማ ላይ የአንድ ጣሊያን መኮንን ቤት ጠባቂ ነበርሁ። መኮንኑ ከጓንግ ወንዝ ያስጠመዳቸውን ዓሦች በሦስት የመስታወት ገንዳ ያኖራል። ውሃው ቢደፈርስበት፣ "ካላጠራኸው ትባረራለህ" አለኝ። አስተማሪ ሳያሻኝ የእንስራ ሥር በስቼ፣ አሸዋና ከሰል ሞልቼ፣ የሦስቱንም ገንዳ ውሃ በዚያው በአንዱ እያጠለልሁ እመልስ ጀመር። ውሃው እንደ ምንጭ ጠራ።

እንስራውን ላጥበው ወደ ቤት ብወስደው ደገኛዋ ባለቤቴ አየችው። "ያልታጠነ እንስራ ለሰው ቤት? ኧረ አያፍሩም!" ብላ በወይራ ጭስ አጠነችልኝ።

በማግስቱ ወይራ ወይራ የሚሸት ውሃ አጥልዬ መለስሁ። ወዲያው የሦስቱም ገንዳ ዓሦች ሆዳቸውን ገልብጠው ተንሳፈፉ። መኮንኑ እየጮኸ አባረረኝ። ማጥለያዬ አንዱን ገንዳ ከሌላው ሳያበላልጥ ለሦስቱም እኩል ማዳረሱን ግን ልብ አላለም።