የመቅደላው ንጉሥ በቀበሌያችን አዳራሽ

ቀይ ሽብሩ ጋብ ካለ ጥቂት ዓመታት አልፈው ነበር። ነፋስ ስልክ አካባቢ ባለ አንድ ትምህርት ቤት ታሪክ አስተምር ነበር። አንድ ቀን የቀበሌያችን ሊቀመንበር ቢሮው ድረስ አስጠራኝ።

"ጓድ መምህርት፣ ለአብዮት በዓል ቴአትር እንፈልጋለን። መቅደላ ላይ ስለወደቀው ንጉሥ ጻፊልን። ሌሎቹ ፊውዳሎች ናቸው፣ እሱ ግን የድሃ ልጅ ነው" አለኝ።

እሺ አልኩ። በዚያ ዘመን ቀበሌ ሲጠይቅ እምቢ አይባልም። ደግሞም ንጉሡን ከልጅነቴ ጀምሮ እወደው ነበር።

መጀመሪያ ላይ ሥራው አልከበደኝም። እናቱ ኮሶ ሻጭ ናት እየተባለ የተናቀ ልጅ፣ በረሃ ወርዶ የሸፈተ ጎረምሳ፣ መሳፍንቱን በየተራ ድል አድርጎ ዘውድ የጫነ ሰው! አገሪቱ በየጌታው ተቆራርጣ ነበር፤ አንድ ላድርጋት ብሎ ተነሣ። ወታደሩ ገበሬውን እየዘረፈ እንዳይኖር ደመወዝ ሊቆርጥለት አሰበ። የባሪያ ንግድን ከለከለ። የቤተ ክርስቲያንን ትርፍ መሬት ለገበሬው ላድርግ ሲል ካህናቱ ፊታቸውን አዞሩበት። ፈረንጆቹን መድፍ ሥሩልኝ ብሎ መውጫ መግቢያ አሳጣቸው። ይህን ሁሉ በደስታ ጻፍኩት።

ብዕሬን የያዘብኝ የመጨረሻው ዘመኑ ነው። ያሰበው ሁሉ በየአቅጣጫው ሲፈርስበት ያ ለድሃ ያዝን የነበረ ሰው አገር አቃጠለ። ሊሞት ጥቂት ቀናት ሲቀሩት ደግሞ እስረኞችን ወደ ገደል አስወረወረ። ይህንንም ጻፍኩና ለሊቀመንበሩ ሰጠሁት። እዚያው ፊቴ ሰረዘው።

"ታሪክ ነው እኮ" አልኩት።

"አውቃለሁ" አለኝ ድምፁን ዝቅ አድርጎ። "ስለማውቅ ነው የምሰርዘው።"

ንጉሡን እንዲጫወት የተመረጠው ከደቡብ መጥቶ በልብስ ስፌት ፋብሪካ ይሠራ የነበረ ጎረቤቴ ነው። ቁመቱ ዘለግ፣ ደረቱ ሰፋ ያለ ጎልማሳ ነው፤ ድምፁ ያለ ማይክራፎን አዳራሹን ይሞላዋል። ድምፁ ከየት እንደመጣ እኔ አውቅ ነበር፤ ጴንጤ ነውና ጸሎት ቤታቸው እስኪታሸግ ድረስ ዘማሪ ነበር፤ ከዚያ ወዲህ ከሚስቱና ከእናቱ ጋር በር ዘግተው በለሆሳስ ይዘምሩ ነበር። ሚስቱ ከጥቁር ክር የንጉሡን ሹሩባ ጎነጎነችለት። መድፉን ከዘይት በርሜል ሠራነው።

ልምምዱ ሰምሮልን ነበር። ንጉሡ እጁን ለእንግሊዞች ላለመስጠት ራሱን የሚገድልበት ቦታ ስንደርስ ግን ሰውዬው የእንጨት ሽጉጡን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠ።

"መምህርት፣ ይቅርታ አድርጊልኝ፣ ይሄን አልችልም።"

"ጋሼ፣ ቴአትር እኮ ነው።"

"ታናሽ ወንድሜ ታስሮ ነበር። ራሱን አጠፋ አሉን። እውነት ይሁን ውሸት እንጃ፣ ሬሳውን አልሰጡንም። በበዓሉ ቀን እናቴ ትመጣለች። ይሄን እሷ ፊት እንዴት አድርጌ ልሥራው?"

ቤቴ ገብቼ የንጉሡን የመጨረሻ ቀን መልሼ አነበብኩ። ነገሩ እንዳበቃ ሲያውቅ፣ አብረውት የቀሩትን ከቃል ኪዳናቸው ፈትቶ ነፍሳችሁን አድኑ ብሎ አሰናብቷቸው ነበር። መጨረሻውን በዚህ ቀየርኩት። ንጉሡ ሰዎቹን ያሰናብትና ብቻውን ወደ መጋረጃው ጀርባ ይገባል፤ ከዚያ አንድ የከበሮ ምት ብቻ ይሰማል። ሊቀመንበሩም ወደደው።

የበዓሉ ዕለት አዳራሹ ጢም አለ። መድፉ ሲገባ ሰው ሁሉ ሳቀ፤ ንጉሡ ሲናገር ግን ጸጥ አለ። መጨረሻ ላይ ሰዎቹን አሰናበተ። ወደ መጋረጃው ይሄዳል ስል ወደ ሕዝቡ ዞረና ተንበረከከ።

"ገደል የሰደድኳችሁ ልጆች፣ ይቅር በሉኝ" አለ። "እናቶቻችሁም ይቅር ይበሉኝ።"

ይህን እኔ አልጻፍኩም፤ የተሰረዘውን የገደል ታሪክ ግን በልምምድ ላይ አጫውቼው ነበር። ከኋላ በኩል አንዲት ሴት ሳግ ያዛት፤ ከዚያ ሌላዋ። በዚያ ሰፈር ልጅ ያልታሰረበት ወይም ያልተገደለበት ቤት ጥቂት ነበር። ፊት ወንበር ላይ የነበሩት የሰውዬው እናት ብድግ አሉ።

"እግዜር ይማርህ" አሉት በተሰባበረ አማርኛ። ለልጃቸው ይሁን ለንጉሡ ወይም ለሌላ ሰው፣ አላውቅም። ከበሮው ተመታ።

ሊቀመንበሩ ከመድረኩ ጀርባ መጣ።

"ማነው ይሄን የጻፈው?"

"እኔ ነኝ" አልኩ፣ ሳላስበው።

"እሷ አይደለችም" አለ ሰውዬው። "ከራሴ ነው የተናገርኩት።"

ሊቀመንበሩ ሁለታችንንም አየን። ዓይኖቹ ቀልተው ነበር። "ቴአትሩ በድምቀት ተጠናቀቀ ብዬ ሪፖርት አደርጋለሁ" አለ። "ሁለተኛ ግን አይታይም። በሉ፣ እማማን ወደ ቤት ውሰዷቸው።"

ግራና ቀኝ ደግፈናቸው ስንሄድ ወደ እኔ ዞር አሉና፣ "ልጄ፣ ያ ንጉሥ ልጅ ነበረው?" አሉኝ።

"ትንሽ ልጅ ነበረው እማማ። እንግሊዞቹ ወሰዱት፤ ገና በወጣትነቱ ባዕድ አገር ሞተ።"

ቀጥ ብለው ቆሙ። "መቃብሩስ?"

"እዚያው ቀረ።"

ነጠላቸውን አፋቸው ላይ አድርገው ጥቂት አለቀሱ፤ ከዚያ ክንዴን ጠበቅ አድርገው ያዙና መንገዳችንን ቀጠልን።

እንደተባለውም ቴአትሩ ሁለተኛ አልታየም። ሰውዬውን የነካው የለም፤ መንግሥት ተለውጦ ጸሎት ቤታቸው ሲከፈት በዚያ ድምፁ ሲዘምር ከመንገድ ቆሜ ሰማሁት። እኔም ከዚያ ዓመት ጀምሮ ክፍል ውስጥ የንጉሡን ታሪክ ሳልቆርጥ ማስተማር ጀመርኩ። ተማሪዎቹ በመጨረሻው ክፍል ያዝናሉ፣ ይናደዱበታል፣ ይከራከሩኛል። ግን አንዳቸውም እሱን መውደድ ሲተዉ አላየሁም፤ እኔም አልተውኩም።