ህሩይ ያልሞከረው ማጥሪያ

ህሩይ ጎንደር አጠገብ ባለችው ፀዳ፣ ከቤቱ ጓሮ ባለች አንዲት ክፍል፣ ዘፈንና መዝሙር ይቀዳል። ግድግዳዋን በአሮጌ ብርድ ልብስ የሸፈናት ራሱ ነው። በየወሩ ደግሞ ጎንደር ውስጥ ለሚታተም መጽሔት ስለ ሙዚቃ መሥሪያ የኮምፒውተር ፕሮግራሞች ይጽፋል፤ ይኼ ሸጋ ነው፣ ያኛው አይረባም እያለ። ሰው ያምነዋል። «ህሩይ ካለ አለቀ» ይባላል።

በዐቢይ ጾም ሁለተኛው ሳምንት አንዲት ሴት ላፕቶፕ አቅፋ ደጁ ላይ ቆመች። ጽጌሬዳ ትባላለች፣ መካነ ብርሃን ከተማ አስተማሪ ናት።

«ያንን ድምፅ ማጥሪያ ፕሮግራም አሞግሰህ የጻፍኸው አንተ ነህ?»

«እኔ ነኝ። ምነው?»

«እስቲ ስማው።»

የሟች አባቷ ድምፅ ነበር። አያ ሙሉሰው በገና እየደረደሩ ዱሮ በካሴት ተቀድተው ነበር። ለሙት ዓመታቸው ልታሰማው ብላ ወደ ላፕቶፑ እንዳስገባችው ካሴቱ ተበጠሰ። የቀረውን ብቸኛ ቅጂ ሽሽ የሚለው የካሴቱ ሽሽታ እንዲጠፋለት በማጥሪያው አሳለፈችው፤ የጠራውንም በዋናው ላይ ደርባ አስቀመጠችው።

ሽሽታው ጠፍቷል። በገናውም ጠፍቷል። በገና እዝ የሚለው ከአውታሩ ሥር በምትገባ ቁራጭ ቆዳ ነው፤ ፕሮግራሙ እሱንም ቆሻሻ መስሎት ጠርጎታል። የቀሩት ሽማግሌው ብቻ ናቸው። አንድ ስንኝ ይላሉ። ዝም ብለው አውታሩ እስኪመልስላቸው ይጠብቃሉ። የሚመልስላቸው የለም። ደግሞ ይላሉ።

«ባዶ ቤት ገብቶ የሚጣራ ሰው አይመስልም?» አለች ጽጌሬዳ። «ሦስት ወር ሞከርሁት ብለሃል። አንድ ቀን እንኳ በበገና አልሞከርኸውም?»

ሻጩ ፕሮግራሙን በነጻ ሰጥቶት ነበር። በጊታር ጥቂት ነካካው፣ ሌላውን ከሻጩ ወረቀት ላይ ገለበጠው።

«አሥር ደቂቃ ነው የሞከርሁት» አላት።

አልጮኸችበትም። «እሱንም ጻፈዋ» አለችና፣ ምናልባት ይመልሰው እንደሆን ድምፁን ትታለት ሄደች።

አልተመለሰም። ሳምንት ሙሉ ሞከረ። ከዚያ ወዲያ ሚስቱ አዜብ «ህሩይ» ብላ ዝም ስትል፣ ያቺ ዝምታ ሽማግሌው የሚጠብቁባት ትመስለውና ክው ይላል።

«ምን ነካህ? መልስ እንጂ!» ትለዋለች።

የመጽሔቱ አዘጋጅ ማንያዘዋል ህሩይ ለቀጣዩ እትም የጻፈውን ማስተካከያ ሲያይ ደነገጠ።

«‹አልሞከርሁትም› ብለህ? ሰውዬ፣ በገዛ እጅህ ስምህን ልትቀብር ነው? ‹ማሻሻያ ያስፈልገዋል› በልና እለፈው።»

«አሁን ይኼን ስንነጋገር ሌላው ሰው የዘመዱን በገና እየጠረገ ቢሆንስ?»

እንደጻፈው ታተመ። በማግስቱ ከኮላ ድባ አንድ ሽማግሌ ደወሉ።

«ማጥሪያው በገና ይበላል ያልኸው እውነት ነው ልጄ? ወንድሜ ስልኬ ላይ ሁለት የበገና መዝሙር ትቶልኝ ሞተ። አንዱን ትናንት በዚያው ማጥሪያ አስጠራሁት።»

«ሰሙት?»

«ገና ነኝ። ለፋሲካ ብዬ።»

ህሩይ ብድግ አለ።

«ሁለተኛውን አይንኩት፣ አያ» አለ ጫማውን እየፈለገ። «የመጀመሪያውንም ብቻዎን አይክፈቱት። መጣሁ።»