ከአጎቴ ጋር ያጣላኝ መርፌ

እንደ አጎቴ ያለ ግትር ሰው አላውቅም፤ ይህንንም ፊት ለፊት ነግሬያቸው ተስማምተዋል። ወገባቸው ለዓመታት ሲያሠቃያቸው፣ ገንዳ ውሃ ሆስፒታል በነርስነት የምሠራዋን የወንድማቸውን ልጅ፣ እኔን፣ አንድ ቀን እንኳ ምክር አልጠየቁኝም። የጠየቁት የትራክተር ሾፌራቸውን ነው። እሱ ደግሞ ከመተማ ገበያ የገዛውን ትራማዶል፣ ብርቱውን የሕመም ማስታገሻ፣ በደረት ኪሱ ይዞ ይዞር ነበር።

እኛ አገር የሰሊጥ አጨዳ ሲደርስ መታመም አይፈቀድም። ጥቂት ቀን ከዘገዩበት ሰሊጡ እዚያው ማሳው ላይ ይረግፋል። ስለዚህ አጎቴ አንድ ፍሬ ኪኒን ወገባቸውን ካላስታገሰው ሁለት፣ ሁለት ካላስታገሰው ሌላ ሁለት እያሉ ዋጡ። አንድ ረፋድ ሾፌሩ በትራክተር ተጎታች ጭኖ አመጣቸው። ከንፈራቸው ጠቁሯል፤ የዓይናቸው ብሌን የሰሊጥ ፍሬ አክሏል፤ ትንፋሻቸው በስንት ልመና ነው የሚመጣው።

"ደክሟቸው ተኙ" አለኝ ሾፌሩ።

ሐኪሙ ናሎክሶን አዘዘ፤ ወጋኋቸው። ናሎክሶን የትራማዶልን ቦታ ቀምቶ የሚቀመጥ መድኃኒት ነው። ትንፋሹን ይመልሳል፤ ሕመሙንም አብሮ ይመልሳል። አጎቴ ብዙም ሳይቆዩ ዓይናቸውን ገለጡና "ወገቤን ምን አደረግሽው?" አሉኝ። እኔ ፈጣሪዬን አመሰግናለሁ፤ እሳቸው ጫማቸውን ይፈልጋሉ።

"አንቱ፣ የት ልትሄዱ ነው?"

"ሰሊጤ ይረግፋል። ነቃሁ አይደል?"

የሚያስፈራኝም መንቃታቸው ነበር። የናሎክሶን ጉልበት ቶሎ ያልቃል፤ ትራማዶሉ ግን ገና ከሰውነታቸው አልወጣም። መንገድ ላይ ትንፋሻቸው እንደገና ቢቆም መርፌ ይዞ የሚከተላቸው የለም። ይህን ሁሉ በእርጋታ አስረዳኋቸው። በጥሞና ሰምተው ሲያበቁ ጫማቸውን አጠለቁ።

ልመና እንደማያዋጣ ገባኝ። "ሂዱ እንግዲህ" አልኳቸው። "የጎረቤታችን የቋራ ሰሊጥ ከኛ ከመተማው ይበልጣል ሲሉ ሰምቻለሁ። የእናንተው ቢረግፍም ያን ያህል አይጎዳም።"

አጎቴ ተመልሰው አልጋው ላይ ተቀመጡ።

"ማነው እንዲህ ያለው?"

ስለ አፈሩ ቀለም፣ ስለ ዝናቡ፣ የቋራ ሰው ሰሊጥ ማበጠር ስላለመቻሉ ሲያስተምሩኝ ቆዩ። እኔ ራሴን እየነቀነቅሁ ትንፋሻቸውን እቆጥራለሁ። ሊነሡ ባሉ ቁጥር ቋራን አንድ ጊዜ አሞግሳለሁ፤ ይቀመጣሉ። የቋራዋ ገለጉ ልጅ የሆነው ሾፌር፣ አገሩ ሲታማ በሩ ላይ ቆሞ ይሰማል።

"የኛ አፈር ግን..." ብለው አቆሙ። ቃል የሚመርጡ መስሎኝ ጠበቅሁ። አገጫቸው ደረታቸው ላይ ወደቀ። ብቆጥር የሚቆጠር ትንፋሽ የለም። ሐኪሙን ተጣርቼ ሁለተኛውን መርፌ ወጋኋቸው። ደህና አድርጌ የቀለድኩበት ሰው በቀልዴ መሐል ሊሞትብኝ ነው ብዬ ፈራሁ።

ሲነቁ መጀመሪያ ያዩት የሾፌሩን ፊት ነው። ያለቅስ ነበር።

"ሄጄ ነበር እንዴ?" አሉኝ።

"ሄዳችሁ ነበር።"

 ከዚያ ሾፌሩን አጨዳውን እንዲመራ ወደ አጫጆቹ ላኩትና ወደኔ ዞሩ።

"ፈረቃሽ መቼ ያልቃል?"

"ካለቀ ቆይቷል።"

እጅጌዬን ያዙኝ።

"አትሂጂ" አሉኝ።