በተዘጋ አፍ የተነፈሰችው አውቶቡስ

ይህን ታሪክ መጀመሪያ የነገረችኝ አውቶቡስ አጣቢዋ ናት። ሴትዮዋ ውሸት አታውቅም አልልም፤ እኔን ጨምሮ ውሸት የማያውቅ ሰው አላየሁም። ግን በዚህ ነገር ውስጥ ፊቷ አለበት። ፊቷ እንዴት እንደገባበት ስደርስ እነግራችኋለሁ፣ አትቸኩሉ። ፊደል ባልቆጥርም ወሬን ከሥሩ እስከ ጫፉ በመቁጠር የሚችለኝ የለም።

ሰውዬውን ሁሉም «ጆሮ» ነው የሚለው። ጆሮው ትልቅ ሆኖ አይደለም፤ እንዲያውም የአይጥ ጆሮ ነው የሚያክለው። ስሙን ያገኘው በሥራው ነው። ሌላው መካኒክ የአየር ቧንቧ የት ጋ እንደሚያፈስ ለማወቅ የሳሙና አረፋ ይቀባና አረፋው እስኪነፋ ይጠብቃል። ጆሮ ግን አውቶቡሷ ሥር ይጋደምና ዓይኑን ይጨፍናል፤ ከዚያ «ከግራ ሁለተኛው መጋጠሚያ» ይላል። ይፈታል፤ ነው። እናት የልጇን ሳል ከሌላው ልጅ ሳል ትለየው የለ? እንደዚያ ነው። እኔም በጉልምስናዬ የጭነት መኪና ጎማ በጫማዬ አንዴ መትቼ የነፋሱን ልክ እናገር ነበር። ይመሰክሩልኝ የነበሩት ሁሉም ሞተዋል እንጂ።

ስለ አውቶቡሷ ልንገራችሁ፣ ያለዚያ ነገሩ አይገባችሁም። ረጅሟ አውቶቡስ ከኋላ ሁለት አክስል፣ ማለትም ሁለት የጎማ ዘንግ አላት። አንዱን ሞተሩ ያዞረዋል። ከሱ ኋላ ያለው ግን ክብደት ለማገዝ ብቻ የተጨመረ ነው፤ ጋራዡ ውስጥ «ምርኩዝ» ይሉታል። የምትቀመጠውም በብረት ሞላ ላይ ሳይሆን አየር በተሞሉ የጎማ ፊኛዎች ላይ ነው። መንገድ ላይ ስትሆን ምርኩዙ መሬት ይረግጣል። ጠባብ ቦታ ለመዞር ግን ሹፌሩ ቁልፍ ይጫናል፤ ምርኩዙን ወደ ታች የሚጫኑት ፊኛዎች አየራቸውን «ፍሽሽ» አድርገው ይተፋሉ፣ ማንሻው ፊኛ ደግሞ ይነፋና ምርኩዙን ከመሬት ብድግ ያደርገዋል። ያቺን ፍሽሽታ «ተነፈሰች» ይሏታል። ካልተነፈሰች ምርኩዙ አይነሳም፤ አንዱ ወደ ታች ሲጫን ሌላው ወደ ላይ ሲጎትት፣ የባልና ሚስት የብርድ ልብስ ጉተታ ይሆናል፣ ሁለቱም በብርድ ያድራሉ።

ጆሮ አንድ ታናሽ ወንድም አለው። እናታቸው ስትሞት ታናሽየው ገና የወተት ጥርሱን አልጨረሰም ነበር። ጆሮ ነው አብልቶ፣ አልብሶ፣ ገርፎም አባብሎም ያሳደገው። ዕድሜው ሲደርስ ጋራዥ አስገብቶ ሙያውን አስጨበጠው፤ ሲያገባም ከጎኑ ቆመለት። ማንም የማያውቀውን አንድ ነገር እንኳ አልሰሰተውም። የቧንቧ ጥርስ ላይ አየር እንዳያልፍ ቃጫ መጠምጠም ማንም የሚያውቀው ነው። ጆሮ ግን ቃጫውን ከመጠምጠሙ በፊት በልብስ ሳሙና ደህና አድርጎ ያሸዋል፤ ሲጠብቅ ይንሸራተታል፣ ሲደርቅ እንደ ሙጫ ይይዛል። ይህን ያስተማረው ለወንድሙ ብቻ ነው። ሚስቱ እንኳ ሳሙናዋ ለምን ቶሎ ቶሎ እንደሚያልቅ አታውቅም ነበር።

እንግዲህ ከዕለታት ባንዱ ምርኩዙ አልነሳም አለ። አውቶቡሷ በጋራዡ በር ስትጠመዘዝ የኋላ ጎማዎቿ በጎናቸው እየተጎተቱ ተላጡ። ባለንብረቱ ጎማ ሲላጥ የሱ ቆዳ የተላጠ ያህል የሚሰማው ሰው ነው፤ ለጆሮ ሥራው ሁሉ ቀርቶ ይህችን ብቻ እንዲይዝ ነገረው።

ጆሮ ያዘ። ከፍታዋን የሚያስተካክለውን ቫልቭ አየ፣ ዘንጉን ነካካ፤ ደህና ነው። ማንሻውን ፊኛ ዳበሰ፤ አልተቀደደም። በኤሌክትሪክ የሚከፈተውን ቫልቭ ፈታ፣ ጠረገ፣ መለሰ። ተጋድሞ አዳመጠ፤ የሚያፈስ ነገር የለም። አፍሮ ሳሙና እንኳ ቀባ፤ አንዲት አረፋ አልተነሳችም። በመጨረሻ ወንድሙን የሹፌሩ ወንበር ላይ አስቀምጦ ቁልፉን ተጫን አለውና ሥር ሆኖ ትንፋሿን ጠበቀ። ምንም የለም።

«ጋሼ፣ ተነፈሰች እኮ» አለ ወንድሙ ከላይ። «አልሰማህም?»

ጆሮ ከሥር ሆኖ «ሰማሁ» አለ።

ያቺ ቃል ናት የበላችው። አልሰማሁም ቢል ኖሮ የመተንፈሻውን ቧንቧ ተከትሎ ይሄድ ነበር። ግን በጆሮው ስም የተጠራ ሰው እንዴት አድርጎ አልሰማሁም ይበል? ሰማሁ አለ፤ መተንፈሻው ደህና ነው ተባለ፤ ደህናውን ቧንቧ ደግሞ ማን ይፈትሻል?

ከዚያች ቀን ጀምሮ ሰውዬው ራሱን ይጠራጠር ጀመር። ቤት ሲገባ ማንቆርቆሪያው ሥር ጆሮውን ደግኖ ውሃው ሲፈላ ያዳምጣል። ሚስቱ ወሬው ደርሷታል መሰለኝ ወንዝ ማዶ ላለ ሰው እንደምትጣራ እየጮኸች «ራት ቀርቧል!» ትለዋለች። ተይ፣ እሰማለሁ ሲላት፣ «እሺ አንተ ሰውዬ፣ አትቆጣ!» ብላ ይባስ ትጮሃለች። ጋራዡ ውስጥ ደግሞ የጆሮ ጆሮ ደከመ የሚለው ቀልድ ከአፍ ወደ አፍ ዞረ። ወንድሙ ግን አልቀለደም። አዝኖ፣ ክንዱን ደግፎ ጆሮ ሐኪም ቤት ወሰደው፤ ሂሳቡንም ከኪሱ ከፈለ። ሐኪሙ መረመረና ጆሮህ ንጹህ ነው አለው። ጆሮ ግን ለሽማግሌ የተባለ ማጽናኛ መስሎት አላመነውም። ሐኪሙን ሳያምን ወንድሙን አመነ፤ አያችሁ?

በዚህ መሀል ባለንብረቱ ታናሽየው እንዲሞክር አዘዘ። ታናሽየው ብቻውን ሥሯ ገባ፤ ብዙም ሳይቆይ እጁን እየጠረገ ወጣ። ቁልፉ ሲነካ ምርኩዙ ብድግ አለ። ሰው አጨበጨበ፤ ከሁሉም በላይ ያጨበጨበው ጆሮ ነው፣ ልጄ አደገ ብሎ። ሰንብቶ ደግሞ አውቶቡሷ ጆሮ እጅ በገባች ቀን ምርኩዙ ተመልሶ እምቢ ሲል ባለንብረቱ ጆሮን ጠራው። ወንድሙ የጋራዡ አለቃ እንደሚሆን፣ እሱ ደግሞ በር ላይ ተቀምጦ ገቢና ወጪ መኪና እንደሚያይ ነገረው። «ለዓይን ጆሮ አያስፈልግም» አለው፤ እንደ ቀልድ ነው። ጆሮ መፍቻውን አስረክቦ ከመውጣቱ በፊት አንዴ ብቻ ልሞክራት ብሎ ለመነ።

ምሳ ሰዓት ሊደርስ ሲል ወንድሙን ቁልፉን እንዲጫንለት ጠየቀው። ተጫነ። «ተነፈሰች ጋሼ» አለና ከወንበሩ ወርዶ ምሳውን ሊበላ ሄደ።

አጣቢዋ በዚያን ጊዜ የኋላውን ጎማ አረፋ በአረፋ አድርጋ እየፈገፈገች ነበር። ሳቀች።

«ጋሽ ጆሮ፣ ይሄ ወንድምህ ምኑን ነው የሚሰማው? ይህቺ እኮ አፏን ከዘጋች ሰነበተች።»

«በምን አወቅሽ፣ እታለም?»

«በፊቴ ነዋ። ድሮ ስትተነፍስ አረፋዬን አንስታ ፊቴ ላይ ነበር የምትረጭብኝ። ስንቴ ረግሜያታለሁ መሰለህ። አሁን ይኸው ደረቅ ነኝ።»

ጆሮ የሴትዮዋን ፊት ለረጅም ጊዜ አየው። ለጋብቻ ሊጠይቃት የመጣ ካልሆነ በቀር እንደዚያ ያያት ወንድ የለም ብላኛለች፤ ይህን ከራሷ ነው የጨመረችው።

ከአውቶቡሷ ሥር ያለው የጥገና ጉድጓድ ውስጥ ገባና የመተንፈሻውን ቧንቧ ከፊኛው ጀምሮ በጣቱ እየዳሰሰ ሄደ። ከሻንሲው ብረት ጀርባ፣ ዓይን በማይደርስበት፣ ጣቱ አንዲት ትንሽ ቫልቭ ላይ አረፈ። ፋብሪካ ያላስቀመጣት፣ በእጅ የምትከፈትና የምትዘጋ። ተዘግታለች። አየሩ መውጫ አጥቶ እዚያው ፊኛው ውስጥ ታፍኗል። የሚያፈስ ነገር ያልተገኘው፣ የሚያፈስ ስለሌለ ነው። ዕድሜ ልኩን መኖር የሌለበትን ድምፅ ሲፈልግ የኖረ ሰው፣ መኖር ያለበት ድምፅ ሲጠፋ ጥፋቱን በራሱ ላይ አደረገ።

ፈታት። ጥርሷ ላይ የተጠመጠመውን ቃጫ በጥፍሩ አነሳና አሸተተው።

ልብስ ሳሙና።

አጣቢዋ ከላይ ሆና ምን አገኘህ ስትለው እዚያው ጉድጓድ ውስጥ ግድግዳውን ተደግፎ ቁጭ አለ። የቤት ሌባ ቢያዩት ይስቅ፣ ባያዩት ይሰርቅ ይላሉ። ይሄኛው ግን ሳይስቅ፣ አዝኖ፣ ክንድ ደግፎ ነው የሰረቀው።

ከምሳ በኋላ ጆሮ ባለንብረቱንም ወንድሙንም አውቶቡሷ አጠገብ አስጠራ። ቧንቧውን ያለ ቫልቭ ገጥሞታል። ራሱ ቁልፉን ተጫነ። ፍሽሽሽ አለች፣ አረፋው ተነሳ፣ አጣቢዋ ፊቷን ጠረገች፣ ምርኩዙም ተነሳ። ጆሮ ቫልቯን ከነቃጫዋ በባለንብረቱ መዳፍ ላይ አስቀመጠ። ማን እንዳስገባት ሲጠየቅ ወደ ወንድሙ ዞሮ ጠበቀ። ይቅርታ በል ብሎ አልነበረም የጠበቀው፤ እኔ ነኝ በል ብሎ ነው። ያን ቢል ያልፍለት ነበር፤ አጣቢዋ ትምላለች።

ታናሽየው ቃጫውን አየት አደረገና፣ «ሳሙና የታሸ ቃጫ የጋሼ ነው» አለ። «ራሱ አስገብቶ ረስቷት ይሆናል። እርጅና ነው፣ አትፍረዱበት።»

ከቫልቯ የበለጠ ያቺ ናት የወጋችው። ባስተማረው እጅ ላይ መልሶ መሰከረ። ባለንብረቱም እውነት ይሆን እንዴ ብሎ ሽማግሌውን በሐዘኔታ አየው።

ጆሮ ድምፁን ከፍ አላደረገም። «እሺ፣ የኔ ትሁን» አለ። «እኔ ዘግቻት ረሳሁ። ዛሬ ከምሳ በፊትስ፣ ይህቺ ተዘግታ ሳለ ተነፈሰች ያልከኝ በየት በኩል ሰምተህ ነው?»

ታናሽየው አፉን ከፈተ፤ ምንም አልወጣውም። አጣቢዋ «እሱም ቫልቭ አለበት» አለች፣ ግን የሳቀላት የለም።

ባለንብረቱ ፍርዱን ለጆሮ ተወለት፤ ያሳደግከው አንተ ነህ፣ አንተው ወስን አለው። ጆሮ ወንድሙ እንጀራውን እንዳያጣ ለመነ፤ ልጆች አሉት። ከእሱ ጋር ግን ከእንግዲህ አንድ ጉድጓድ ውስጥ አልገባም አለ። ታናሽየው በዚያው ወደ ባለንብረቱ ሌላ ጋራዥ እንዲዛወር ተወሰነ። ሲሄድ በሩ ጋ ቆሞ «ጋሼ» ብሎ ተጣራ። ጆሮ ሰማው። አሁን መስማቱን የሚጠራጠር የለም። ዘይት የነካ እጁን ጠርጎ ወደ እሱ ሄደና ከደረት ኪሱ የታጠፈ ብር አውጥቶ ዘረጋለት።

«የጆሮ ሐኪሙ ሂሳብ ነው። እንካ።»

«ኧረ ጋሼ፣ ይሄስ ይቅር።»

«ሌላው ይቅር» አለ ጆሮ። «ይሄ አይቀርም።»

ቆጥሮ አልሰጠውም፤ ጣቶቹን ገልጦ መዳፉ ውስጥ አስቀመጠለትና መልሶ ዘጋቸው።