በኮምፒውተሬ ላይ ያሰርኩት ቀን

ፍኖተ ሰላም ውስጥ የኮምፒውተርን ቀን አስሮ ማቆየት የሚችል ሰው ከእኔ በቀር አልነበረም። ማንም አላስተማረኝም። በኮምፒውተር ዲፕሎማ የያዙት ወጣቶች እንኳ ሲቸግራቸው ደንበኞቻቸውን ወደ እኔ የጽሕፈት ሱቅ ይልኩ ነበር።

የግዕዝ መጻፊያ ፕሮግራሜ የተወሰነ ዕድሜ ነበረው። ሠሪው ሞቶ ፈቃዱን የሚያድስልኝ ሲጠፋ፣ የኮምፒውተሩን ቀን ወደ ኋላ መለስኩት። ኢንተርኔት በተያያዘ ቁጥር ግን ትክክለኛውን ቀን ከኔትዎርኩ እየተቀበለ ያበላሽብኝ ጀመር። ይህን የሚያደርገውን አገልግሎት ከተሸሸገበት ፈልጌ ዘጋሁት። ከዚያ ወዲያ ፕሮግራሜ አላረጀም።

የለፋሁት ለቅኔ መምህሬ ለየኔታ ስል ነው። ዓይናቸው ከጠፋ ወዲህ በቡሬ መንገድ ካለው ደብራቸው እየመጡ ቅኔያቸውን ይነግሩኛል፣ እጽፋለሁ። "ያልታረመ ቅኔ አደባባይ አይወጣም" ስለሚሉ አንድ ገጽ አላተምኩም። ጽሑፉን ሌላ ፕሮግራም ሊከፍተው አይችልም።

ባለፈው ክረምት ልጄ ከባሕር ዳር መጥታ በዚያ ኮምፒውተር ለሥራ ልታመለክት ተቀመጠች። እኔ በር ላይ ደንበኛ አስተናግዳለሁ።

"አባባ፣ ገጹ እምቢ አለኝ። ይሄ ኮምፒውተርዎ እኮ ገና እኔ ተማሪ በነበርኩበት ዓመት ላይ ነው ያለው!" ብላ ሳቀች።

"እንዳትነኪው!"

"ኧረ አስተካከልኩልዎት እኮ።"

ፕሮግራሙ ወዲያው ተቆለፈ። ቀኑን መልሼ አሰርኩት፣ አገልግሎቱንም ዘጋሁት፤ እጄ አንዲት ነገር አልሳተም። ፕሮግራሙ ግን በዚህኛው ጊዜ ቀኑ ወደ ኋላ መጎተቱን ነቅቶበታል፤ አልከፈትም አለ። ኮምፒውተሩን ባሕር ዳር ድረስ ወሰድኩት። እዚያ ባለሙያ የተባሉት ሁሉ ከእኔ በታች ሆነው አገኘኋቸው። ከእኔ የሚበልጥ ባገኝ ግን እንዴት ደስ ባለኝ!

በሳምንቱ የኔታ መጡ። በከዘራቸው ወንበሩን ዳስሰው ተቀመጡ።

"በል አሰማኝ። የመድኃኔ ዓለሙን እናርመው።"

"ማሽኑ ታሟል፣ የኔታ። እርስዎ ይበሉት፣ በወረቀት ልጻፈው።"

"ምነው! ያ ሁሉ ፉከራህ የት ገባ? ማሽን ማከም አቃተህ?"

ጀመሩት። ጥቂት ብለው ቀጣዩ ጠፋባቸው። እንደገና ከመነሻው ጀመሩና እዚያው ላይ ቆሙ።

"ቀጥል እንጂ፣ አንተ ሰው። እኔማ አንተ ዘንድ አለ ብዬ ከልቤ ለቀቅሁት።"

እስክሪብቶዬን ይዤ ጠበቅኋቸው። እሳቸውም እኔን ይጠብቃሉ።