ከዝርዝሩ የጎደለው ስም

ባለፈው እሑድ እትዬ አስቴር በቤተ ክርስቲያናችን በር ላይ ቆመው ቁራጭ ወረቀት ዘረጉልኝ። «የጸሎት ርዕስሽን ጻፊበት፣ ሂሩትዬ።» ተቀብዬ ቦርሳዬ ውስጥ ከተትኩት። ስም የሚጻፍበት ወረቀት ሲሰጡኝ አልወድም፤ ከእሳቸው እጅ ሲሆን ደግሞ ይብስብኛል።

ነገሩ የሆነው በፈረንጆቹ 2014፣ እዚሁ ስደት አገር ነው። ወጣት ነበርኩ። በሳምንቱ ቀናት ሄልስፊር የሚባል ሰፈር ያለ ቢሮ አጸዳ ነበር፣ እሑድ ደግሞ የቤተ ክርስቲያኑ ወጣቶች ጸሐፊ ነበርኩ። ታናሽ ወንድሜ አቤል ፕሪንስዳል በሚባለው ሰፈር ከእኔ ጋር ይኖር ነበር፤ ለገና መዘምራኑን እንዲመራ ታጭቶ ከዚያ ሌላ ወሬ አልነበረውም።

የእትዬ አስቴር ባለቤት ጋሽ ታደሰ ሽማግሌያችን ነበሩ። ፖሊስ ያስቆማቸውን ልጆች ለጸሎት እንድመዘግብ አዘዙኝ። ቀድሞ የሚጻፈው እናቱ አልቅሳ የነገረችን ብቻ ነበር። ያን መኸር ግን ከአምልኮ በኋላ፣ ሰው ቫፈል የሚሉትን የአገሩን ትኩስ ቂጣ በቡናማ አይብ ሲበላ፣ እኔ ወንዱን ሁሉ እየዞርኩ ጠየቅሁ። ያላስቆሙት ጥቂት ነው።

አቤል ሳቀ። «አዎ፣ ጻፊኝ! አውቶቡስ ስንጠብቅ ነው። ቦርሳዬን በርብረው የመዝሙር ደብተር አገኙ።»

አብሮት ቆሞ የተፈተሸው የጋሽ ታደሰ ልጅ ዮናስ ነው። እትዬ አስቴር ግን እጄን ያዝ አድርገው፣ «የእኔን ልጅ ተዪው፣ አባቱ እንዳይሰማ» አሉኝ። ተውኩት።

ኅዳር ላይ፣ በረዶው ቀልጦ ጫማችንን ባራሰበት እሑድ፣ ጋሽ ታደሰ ወረቀቴን ይዘው መድረክ ላይ ወጡ። «አምና ሁለት ስም ነበር፤ ዘንድሮ ገጹ ሞልቷል። ልጆቻችን እየጠፉ ነው! እዚህ የተጻፈ ሁሉ መድረክ ላይ አይቆምም።»

ተነሣሁ። «ጋሼ፣ የበዛው ዘንድሮ ሁሉንም ስለጠየቅን ነው። ደግሞ ይሄ ፖሊስ ማንን እንዳስቆመ እንጂ ማን እንዳጠፋ አይናገርም።»

«ፖሊስ በከንቱ አይደክምም። ውኃ ሲወስድ እያሳሳቀ ነው፣ ልጄ። ተቀመጪ።»

ዮናስ ፊት ለፊት ጊታሩን ታቅፎ መሬት መሬት ያያል። እናቱ ዓይን ዓይኔን ያዩኛል። አንድ ስም ብጠራ ይበቃ ነበር። ተቀመጥኩ።

ለገና መዘምራኑን ዮናስ መራ። አቤል «ስሜን የሰጠሁት ለአንቺ ነበር» አለኝና ወደ በርገን ከተማ ሄደ። ዛሬም የሚደውልልኝ ለገና ብቻ ነው።

ጋዜጣው ስለ ፖሊስና ስለ ስደተኛ ልጆች ሠንጠረዥ ባወጣ ቁጥር፣ ሌላው ቁጥሩን ያነባል። እኔ ማን ተጠየቀ፣ ማንስ ተዘለለ እያልኩ እፈልጋለሁ።

ያችን ቁራጭ ወረቀት ትናንት አወጣኋት። «ዮናስ ታደሰ» ብዬ ጻፍኩባት። እሑድ ለእትዬ አስቴር እመልስላቸዋለሁ። አንብበው፣ አጣጥፈው፣ ወደ ቦርሳቸው እንደሚከቷት ግን አልጠራጠርም።